ማስረጃው ጀልባቸው ላይ ነበር

በአሜሪካ ሰሜን ምሥራቅ ጫፍ በምትገኘው በሜይን ግዛት የሎብስተር (ቅርፊታም የባሕር እንስሳ) አጥማጅ ሀብቱን ባሕር ውስጥ ትቶ ነው ቤቱ የሚያድረው። ከሽቦ በተሠራው ወጥመድ ውስጥ ማባበያ ዓሣ ያስቀምጣል፤ ከባሕሩ ወለል ያሳርፈዋል፤ ከወጥመዱ ወደ ላይ በሚወጣው ገመድ ጫፍ ደግሞ የራሱን ቀለም የተቀባ ተንሳፋፊ ያስራል። የእኛ ገበሬ የከብቱን ጆሮ በጥቶ ምልክት እንደሚያደርገው ሁሉ፣ እዚያም ቀለሙን ያየ ወጥመዱ የማን እንደሆነ ያውቃል። አንድ ሰው እስከ 800 ወጥመድ መጣል ይፈቀድለታል። ገመዱና ተንሳፋፊው ሲጨመር አንዱ ከ100 ዶላር በላይ ያወጣል። ይህ ሁሉ ንብረት አጥር የለው፣ ዘበኛ የለው።

ሌባ ጭጋግ ከወረደለት በቂው ነው። የሰው ገመድ ስቦ ያወጣል፣ ሎብስተሩን ይለቅማል፣ ወጥመዱን መልሶ ይጥላል። ባለቤቱ ሲመጣ ወጥመዱን ባዶ ያገኘዋል። ሎብስተር ሳይገባ ቀርቶ ነው? ወይስ ሰው ወስዶት? የሚለይበት መንገድ የለውም። ስለዚህ ዓይኑ ወደ ጎረቤቱ ይዞራል። ትናንት በዚያ ጭጋግ ማን ወጣ? የማን ጀልባ ዘግይታ ገባች? አብሮት ያደገውን፣ ሞተሩ ሲበላሽበት ጎትቶ ያስገባውን ሰው በሌባ ዓይን ማየት ይጀምራል። ምናልባትም ያ ሰው ምንም አላደረገም። ከተወሰደው ሎብስተር ይልቅ እኔን የሚያንገበግበኝ ይህ ነው።

ሕግ አለ። የሌላውን ወጥመድ የነካ ፈቃዱ ሊታገድ ይችላል። ነገር ግን እጅ ከፍንጅ ያልተያዘን ሰው በምን ማስረጃ ይከሱታል? ዳርቻው በደሴትና በባሕር ሰርጥ የተበጣጠሰ ነው፤ የባሕር ፖሊስ ሁሉም ጋ ሊደርስ አይችልም። የየወደቡ ሰዎች ታዲያ የራሳቸውን ፍርድ አበጁ። አንትሮፖሎጂስቱ ጄምስ አቼሰን እ.ኤ.አ. በ1988 ባሳተመው የሜይን ሎብስተር አጥማጆችን በሚመለከት መጽሐፉ ይህን ልማድ በዝርዝር ጽፎታል። መጀመሪያ የተጠረጠረው ሰው ተንሳፋፊ ላይ ገመድ ጠምጥሞ ማስጠንቀቅ፤ አልሰማ ካለ ገመዱን መቁረጥ። ገመዱ የተቆረጠ ወጥመድ እዚያው ባሕሩ ወለል ላይ ይቀራል፤ ሎብስተር እየገባበት፣ ማንም ሳያወጣው። ሕጉ እንዲህ ላለው ጊዜ ሲል ወጥመዱ በጊዜ ብዛት የሚበላና መውጫ የሚከፍት ክፍል እንዲኖረው ያስገድዳል እንጂ፣ ለባለቤቱስ የጠፋ ጠፋ ነው።

ቂሙም በገመድ አላበቃም። በ2009 በማቲኒከስ ደሴት፣ ከወጥመድ ጋር በተያያዘ ጠብ፣ አንዱ አጥማጅ ሌላውን ወደቡ ላይ አንገቱን በጥይት መታው። ሰውየው ተረፈ። በዚያው ሰሞን በሌላ ወደብ ጀልባዎች ሆን ተብሎ እንዲሰምጡ ተደረገ። በ2016 ደግሞ በስዋንስ ደሴት አካባቢ የወደመው ወጥመድና ገመድ ከ350,000 ዶላር በላይ ተገመተ፤ ጥቆማ ለሚሰጥ 15,000 ዶላር ወሮታ ተነገረ። አስቡት፤ ሰው በገንዘብ ጎረቤቱን እንዲያጋልጥ እስከ መለመን ተደርሶ ነበር።

ታዲያ ያ ሁሉ ሲሆን ማስረጃው የት ነበር? ከ1990ዎቹ ጀምሮ በአጥማጆቹ ጀልባዎች ላይ ጂፒኤስ ያለው የካርታ መሣሪያ እየተለመደ መጥቶ ነበር። መሣሪያው ጀልባዋ የሄደችበትን መንገድ እየሳለ ያስቀምጣል፤ ባለቤቱም ወጥመዱን የጣለበትን ቦታ አንድ በአንድ ይመዘግብበታል። የወጥመዱ ቦታ በአንዱ ጀልባ፣ በዚያ ቦታ ቆሞ የነበረው ማን እንደሆነ ደግሞ በሌላው ጀልባ ተጽፎ ተቀምጧል ማለት ነው። ሁለቱ መዝገቦች ቢገናኙ ሌባው ይታወቃል፣ ንጹሑም ነጻ ይወጣል። የሚያገናኛቸው ጠፋ። የሚያሳርረኝ ደግሞ ሸንጎ ሳይኖራቸው ቀርቶ አለመሆኑ ነው። በ1995 የወጣው ሕግ ባሕሩን በቀጠና ከፍሎ አጥማጆቹ የራሳቸውን ምክር ቤት እንዲመርጡ አድርጓል። ስንት ወጥመድ ይጣል በሚለው ላይ ከሦስት እጅ ሁለቱ ከተስማማ ውሳኔያቸው ደንብ ይሆን ነበር። በዓለም ላይ ስንት አጥማጅ ነው እንዲህ ያለ ሥልጣን ያገኘ? ያን ሥልጣን ይዘው፣ «መዝገባችን በምክር ቤታችን ታሽጎ ይቀመጥ፤ ስርቆት ተፈጸመ ሲባል ብቻ ይከፈት» ብለው ሕግ አውጪውን መጠየቅ ይችሉ ነበር።

ያልጠየቁበት ምክንያት ይገባኛል። አጥማጅ ሎብስተር የሚበዛበትን ቦታ ለወንድሙም አይነግርም፤ የዕድሜ ልክ እውቀቱ ነው። ግን እኮ ያ ምስጢር በሌባ እጅ ሌሊት ሌሊት እየተዘረፈ ነበር! የታሸገ መዝገብ ምስጢር አያወጣም። የተቆረጠ ገመድ፣ የተተኮሰ ጥይት ግን አገር ያውቀዋል። ምነው አንድ ወደብ እንኳ፣ አንድ ቀጠና እንኳ፣ ደፍሮ ጀምሮት በነበር!

ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ እንደሚባለው፣ የጀልባ መከታተያ መሣሪያ በመጨረሻ መጣ፤ የመጣው ግን በትእዛዝ ነው። የአትላንቲክ ግዛቶች የባሕር ዓሣ ኮሚሽን በ2022 ወሰነ፤ ከዲሴምበር 2023 አጋማሽ ጀምሮ በወጥመድ ለማጥመድ የፌዴራል ፈቃድ ያላቸው የሎብስተር ጀልባዎች ቦታቸውን በየደቂቃው የሚመዘግብ መሣሪያ እንዲገጥሙ ተገደዱ። በየደቂቃው የሆነው ጀልባዋ እየተጓዘች ነው ወይስ ወጥመድ እያወጣች ነው የሚለውን ለመለየት ነው። ልብ በሉ፤ ባለ ወጥመዱ ለዘመናት ሲጠይቅ የኖረው ጥያቄ ይኸው ነበር! መልሱን የሚሰጠው መሣሪያ ግን በዋናነት ለዓሣ ሀብት ጥናት፣ ለዓሣ ነባሪ ጥበቃና ለባሕር ላይ ቁጥጥር ተብሎ ተገጠመ። የግዛት ፈቃድ ብቻ ያላቸው፣ ከአጥማጆቹ የሚበዙት፣ ግዴታው አይመለከታቸውም፤ ለዳርቻ በቀረበው ውሃ የሚሰርቅ እንደ ልቡ ነው። መሣሪያው ጀልባዋ ታስራ ስትውልም፣ ባለቤቱ ቤተሰቡን ይዞ ሲንሸራሸርም አይጠፋም። አጥማጆች በጃንዋሪ 2024 ይህ ያለ አግባብ መበርበር ነው ብለው ፍርድ ቤት ሄዱ፤ በዚያው ዓመት ኖቬምበር ላይ ክሳቸው ውድቅ ተደረገ። አልፈርድባቸውም፤ ሳያማክሩት ቤቱ ውስጥ ዘበኛ ያቆሙበት ሰው ቢቆጣ ምን ይገርማል?

ሌላም ዕድል አለ፣ እሱም እያመለጠ ነው። ተንሳፋፊውን ከገመዱ ጋር ባሕሩ ወለል ላይ አስቀምጦ፣ ባለቤቱ የድምፅ ምልክት ሲልክለት ብቻ ወደ ላይ የሚለቅ ወጥመድ ተሠርቷል። ውሃው ላይ የሚታይ ነገር ስለሌለ ሌባ የሚጎትተው አያገኝም፤ ቦታው የሚታወቀው በመሣሪያ ስክሪን ላይ ነው። ለዓሣ ነባሪም ቆሞ የሚጠብቀው ገመድ አይኖርም። በጃንዋሪ 2024 በማሳቹሴትስ ዳርቻ ሞታ የተገኘችው የሰሜን አትላንቲክ ራይት ዓሣ ነባሪ ጅራቷ ላይ የተጠመጠመው ገመድ የሜይን ገመድ መለያ የሆነውን ወይን ጠጅ ቀለም ምልክት የያዘ ነበር፤ ገና ለአካለ መጠን ያልደረሰች ሴት ነበረች፣ ከዘሯ የቀሩት 400 እንኳ በማይሞሉበት ጊዜ። መሣሪያው ዛሬ ውድ ነው፣ እውነት ነው። ነገር ግን ኮንግረስ በ2022 መጨረሻ አዲሱን የዓሣ ነባሪ ጥበቃ ደንብ እስከ 2028 ማብቂያ ሲያዘገይ የሰጠው ጊዜ ዋጋውን ለማውረድና መሣሪያውን በአጥማጁ ልክ ለማስተካከል ይበቃ ነበር። ጥቂቶች ተውሰው ሞክረውታል። ብዙዎች እፎይታውን እንደ ድል ቆጥረው ተቀመጡ።

ዛሬ በእነዚያ ወደቦች መከታተያ የሚለው ቃል ሲነሣ ሰው ትዝ የሚለው መንግሥት እንጂ ሌባው አይደለም። ወጥመዱን የተሰረቀው አባት መሣሪያውን ጠልቶ ለልጁ ጥላቻውን ያወርሳል፤ ልጁም ባዶ ወጥመድ ባወጣ ቁጥር እንደ አባቱ ጎረቤቱን ይጠረጥራል። በራሳቸው ድምፅ፣ በራሳቸው ሸንጎ ጀምረውት ቢሆን ኖሮ ይህ ልጅ ዛሬ የሚጠይቀው፣ የሚመልስለትም ነበረው።