የቸኮለ ምስክርነት

ቀዶ ጥገና ከተደረገልኝ በ10ኛው ሳምንት እሑድ ምስክርነት ለመስጠት እጄን አወጣሁ። ክራንቹን ከጣልኩ ሰንብቻለሁ፤ ሕመም የለም፣ ደረጃ እወጣለሁ፣ ስራመድም አላነክስም። መድረክ ላይ ቆሜ ጌታ ጉልበቴን ፈጽሞ እንደፈወሰው ተናገርኩ። ጉባኤው እልል ሲል እኔም ዘለልኩ። ሁለት ጊዜ። ማታ ቤት ስገባ ጉልበቴ እንደ ድፎ ዳቦ አብጦ ነበር።

ማክሰኞ ፊዚዮቴራፒ የምትሠራልኝ እህት እብጠቱን ስታይ ሥራዋን አቁማ ቁጭ አለች። “ማነው ዝለል ያለህ?” አለችኝ። ደህና እንደሆንኩ፣ ምንም እንደማያመኝ ነገርኳት። “እሱማ አያምህም፤ ግን ጅማቱ ከሁሉ ይልቅ የሚደክመው እኮ አሁን ነው” አለች።

ነገሩ እንዲገባችሁ ትንሽ ወደ ኋላ ልመልሳችሁ። የተጎዳሁት ከወጣቶች ጋር ኳስ ስንጫወት ነው። ማንም አልነካኝም። ለመዞር ስል እግሬ መሬት ላይ ተተከለ፣ ሰውነቴ ዞረ፣ ጉልበቴ ውስጥ “ጧ” የሚል ድምፅ ሰማሁ። ወጌሻ ዘንድ ሄጄ ታሸሁ፣ ተጸለየልኝ፣ እብጠቱም ወረደ። ከ5 ወር በኋላ ግን ከታክሲ ስወርድ ጉልበቴ ከዳኝና አስፋልቱ ላይ ተዘረጋሁ። በኤምአርአይ ሲታይ የፊተኛው መስቀለኛ ጅማት፣ ኤሲኤል የሚሉት፣ ሙሉ በሙሉ ተበጥሷል። ይህ ጅማት የቅልጥም አጥንት ወደ ፊት እንዳይንሸራተት የሚይዝ ነው። ሌላው ቁስል ደሙ ረግቶ አፍ ለአፍ ሲገጥም፣ ይህ ግን በመገጣጠሚያው ፈሳሽ ውስጥ ስለሚኖር የተበጠሱት ጫፎች አብዛኛውን ጊዜ ተመልሰው አይያያዙም።

“እምነትህ የት ሄደ?” ያሉኝ ነበሩ። ይህን ያሉኝ አንድ ሽማግሌ ራሳቸው መነጽር አድርገው ነበር፤ አልመለስኩላቸውም።

ሐኪሙ አዲሱን ጅማት ከራሴ ጭን እንደሚወስድ ሲነግረኝ የጠየቅሁት አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ተንበርክኬ መጸለይ እችላለሁ? ፈገግ አለ። ከሎሚ አጥንት በታች ያለውን ጅማት ከነአጥንቱ የሚወስዱም አሉ፣ ያ ግን ሲንበረከኩ የማመም ባሕርይ አለው አለኝ። ስለዚህ ሃምስትሪንግ ከሚባሉት የኋላ ጭን ጅማቶች አንዱን፣ ሴሚቴንዲኖሰስን፣ ከጎረቤቱ ከግራሲሊስ ጋር መረጠልኝ። ከጉልበት በታች በውስጥ በኩል ቆዳውን በትንሹ ከፍቶ ሁለቱን ጅማቶች ስቦ አወጣ፤ አጥፎ አራት ድርብ አደረጋቸው፤ በቅልጥሜና በጭኔ አጥንት በተበሳ ቀዳዳ አሳልፎ አሰራቸው። ለቁርጭምጭሚትም ለክርንም ሲያስፈልግ እነዚሁ ጅማቶች ይወሰዳሉ። ከራስ ሥጋ ስለሆነ ሰውነት እንደ ባዕድ አይቆጥረውም። ሰጪው ጭን ግን ዋጋ ይከፍላል። የመጀመሪያዎቹን ሳምንታት ከጉልበቴ ይልቅ ጭኔ ጠቁሮ ያመኝ ነበር፣ ዛሬም ተረከዜን ወደ መቀመጫዬ ስስብ ጉልበት ያንሰኛል። ከጠባሳው አጠገብ ያለው ቆዳም ደንዝዟል። መንበርከክስ? እችላለሁ፣ ትራስ አድርጌ።

ፊዚዮቴራፒስቷ ያን ማክሰኞ ያስረዳችኝ ደግሞ ማንም ያልነገረኝ ነው፤ ወይም ሲነገረኝ አልሰማሁም። ጅማቱ ከቦታው ሲወሰድ ከደም ሥሩ ይለያል፤ በውስጡ የነበሩት ሕዋሳት አብዛኞቹ ይሞታሉ። የሚቀረው የክሩ አውታር ነው። ከዚያ የደም ሥርና አዲስ ሕዋስ ከዳር ወደ ውስጥ እየገባ አሮጌውን እያፈረሰ አዲሱን ይሠራል። አሮጌው ሲፈርስ አዲሱ ገና አልጠነከረም፤ በሁለተኛውና በሦስተኛው ወር አካባቢ ጅማቱ ኦፕሬሽን ከተደረገበት ቀን ይልቅ ደካማ ነው። እንደ ደህና ጅማት ለመሆን ዓመትና ከዚያ በላይ ይፈጃል፤ ኳስ ከ9 ወር በፊት አይታሰብም። የዳነው ቆዳዬ ነበር። ውስጡ እየሞተ ነበር፣ እኔ ደግሞ በላዩ ላይ ዘለልኩበት።

በእግዚአብሔር ቸርነት አልተበጠሰም። በዚያ ሳምንት ዘፍጥረት 32ን አነበብኩ። ያዕቆብ ተባርኮ ነው እያነከሰ የሄደው፤ ዝለል ያለውም አልነበረም።

በሚቀጥለው እሑድ መጋቢያችንን ሁለት ደቂቃ ለምኜ ምስክርነቴን አረምኩ። ጌታ እየረዳኝ እንደሆነ፣ ጉልበቴ ግን ገና እንዳልዳነ፣ ባለፈው ሳምንት የተናገርኩት ከእውነቱ ቀድሞ እንደሄደ ነገርኳቸው። እልልታ አልነበረም። አንዱ ብቻ “አሜን” አለ፣ እሱም እየተጠራጠረ።

ስንወጣ አንዲት እናት ነጠላቸውን አፋቸው ላይ አድርገው ወደ ጥግ ጠሩኝ። “ልጄ፣ እኔም መስክሬ ነበር እኮ” አሉኝ ቀስ ብለው። “የግፊት ኪኒኔን ካቆምኩ ሦስት ሳምንቴ ነው። አሁን ብውጥ ሰው ምን ይለኛል ብዬ ነው።”

ሰኞ ጠዋት ጤና ጣቢያ አብረን ሄድን። የሚለካው ክፍል ፎቅ ላይ ነበር። እኔ መደገፊያውን፣ እሳቸው ክንዴን ይዘው፣ አንድ አንድ ደረጃ እያልን ወጣን።