ሁለት ጠርሙስ ሻርዶኔ

ታናሽ ወንድማችን በፈረንሳይ አገር፣ በቡርጎኝ አውራጃ፣ ሜርሶ በምትባል መንደር በወይን አትክልት ሥራ አሥራ አንድ ዓመት ኖሮ ወደ አገሩ በተመለሰ ጊዜ፣ ሁለት ጠርሙስ ነጭ ወይን ጠጅ ይዞ መጣ። «ወይኑን ከለቀሙት እጆች መካከል የኔም እጅ አለበት፤ እናታችን እንዲቀምሱት ብዬ ያስቀመጥሁት ነው» አለን።

እኛም ያከበርነው መስሎን አንደኛውን ጠርሙስ ጥርስ እስኪያደነዝዝ ድረስ በበረዶ አቀዘቀዝነውና በርበሬው ከበረታ ዶሮ ወጥ ጋራ አቀረብነው። እናታችን አንድ ጊዜ ፉት ብለው ብርጭቆውን አኖሩና «እግዚአብሔር ይስጥልኝ ልጄ፤ ግን አፍ ከማቃጠሉ በቀር ሌላ ጣዕም አላገኘሁበትም» አሉ። ወንድማችን ፈገግ አለ እንጂ አንዳች አልተናገረም። እኛ ግን የአሥራ አንድ ዓመት ድካሙ በአንድ ምሳ በከንቱ እንደ ፈሰሰበት ከፊቱ ተረዳን። ስለዚህም ሁለተኛው ጠርሙስ ሳይከፈት ጥፋታችን ምን እንደ ነበረ ከርሱው ጠይቀን ተማርን።

ሻርዶኔ የወይኑ ዘር ስም ነው፤ በዚሁ በቡርጎኝ በማኮን ከተማ በስተሰሜን በዚህ ስም የሚጠራ መንደርም አለ። እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1999 ዓ.ም. ሊቃውንት የትውልድ ሐረጉን መርምረው፣ አንደኛው ወላጁ ፒኖ የሚባለው የከበረ ወይን፣ ሁለተኛው ግን ጉዌ ብላን የሚባለው የተናቀ የባላገር ወይን መሆኑን አስታወቁ። ሻርዶኔ በጠባዩ ጭምት ስለ ሆነ፣ የተተከለበትን መሬትና የጠማቂውን እጅ በግልጥ ያሳያል። በስተሰሜን በሻብሊ፣ አየሩ ቀዝቃዛ፣ መሬቱም ጥንታዊ የባሕር ዛጎል ቅሪት ያለበት የኖራ ድንጋይ በመሆኑ፣ ጠጁ ቀጭንና ኮምጠጥ ያለ ነው። በሜርሶ ግን 228 ሊትር በሚይዝ የኦክ እንጨት በርሜል ውስጥ ይቀመጣል፤ በዚያም እንደ ፖም የሚኮመጥጠው ነገር ወደ ለዘብተኛው የወተት ኮምጣጣነት ይለወጣል። በዚህ ጊዜ በቅቤ ውስጥ የሚገኘው መዓዛ በጠጁም ውስጥ ይወለዳል።

እንግዲህ የመጀመሪያው ጥፋታችን ብርዱ ነበር። መዓዛ ከጠጁ የሚነሣው መጠነኛ ሙቀት ሲያገኝ ነውና። የሻብሊ ዓይነቱ ከ8 እስከ 10 ዲግሪ፣ በበርሜል የቆየው ከ11 እስከ 13 ዲግሪ ቢቀርብ መልካም ነው። ይህም ማለት ከማቀዝቀዣው ወጥቶ ሃያ ደቂቃ ያህል ይቆያል ማለት ነው። ጠጃችን በብርሌ አንገት መዓዛውን እንደሚጠብቅ ሁሉ፣ ይህም አፉ ጠበብ ባለ ብርጭቆ እስከ ሲሶው ብቻ ይቀዳል።

ሁለተኛው ጥፋት በርበሬው ነው። ከመቶ እጅ 13 ያህል አልኮል ያለበት መጠጥ የበርበሬውን ቃጠሎ ያባብሰዋል፤ የበርሜሉንም ጣዕም መራራ ያደርገዋል። ቀጭኑ ሻርዶኔ ሎሚ ከተጨመቀበት የተጠበሰ ዓሣ ጋራ ይስማማል፤ ወፍራሙ ደግሞ ከዶሮ አልጫ፣ ከቅቤና ከለጋ አይብ ጋራ ይወዳጃል። በአገራችንም በስምጥ ሸለቆ በዝዋይ አጠገብ የሻርዶኔ ወይን ተተክሎ ስለሚጠመቅ፣ የሐይቁን ዓሣና የወይኑን ጠጅ በአንድ ገበታ ማገናኘት የሚያስቸግር አይደለም።

ከጥቂት ሳምንታት በኋላ በእሑድ ቀን የዶሮ አልጫ ሠርተን፣ ሁለተኛውን ጠርሙስ እንደ ተማርነው አቀረብን። እናታችን ብርጭቆውን አሽትተው ጥቂት ዝም አሉና «ይህ ነገር ቅቤ ቅቤ ይላል፤ እንዴት አድርገው ሠሩት?» ብለው ጠየቁ። ወንድማችንም፣ እስከዚያ ቀን ስለ ኑሮው ምንም ነግሮን የማያውቀው ሰው፣ መናገር ጀመረ። በክረምቱ ውርጭ ሐረጉን ሲገርዝ ጣቶቹ እንዴት ይደነዝዙ እንደ ነበር፣ በመከርም ጊዜ ከጧት እስከ ማታ ጎንበስ ብሎ ሲለቅም ወገቡ እንዴት ይታመም እንደ ነበር አወጋን። እናታችን ብርጭቆውን እስኪጨርሱ ድረስ እጁን ይዘው ሰሙት።

የማይጠጣ እንግዳ አይገደድ፤ የሚጠጣውም በልክ ይጠጣ። ነገር ግን በሰው ድካም የተገኘ ነገር ወደ ገበታችን ሲመጣ፣ ጠባዩን ጠይቆ እንደሚገባው ማቅረብ ለባለሙያው የሚከፈል ክብር መሆኑን ከሁለቱ ጠርሙሶች ተምረናል።