ጦሩን የሰቀለ አዳኝ

ባለቤቴ ከጋብቻችን በፊት አዳኝ ነበር። ጦሩን ይዞ ዛፍ ላይ ይወጣል፤ ነፋሱ ሽታውን ወደ መንጋው እንዳይወስድበት ያያል፤ ከዚያ ዝም ነው። ከደቡብ ሱዳን ቦማ ወደ ጋምቤላ የሚተመው ነጭ ጆሮ ቆርኬ ከሥሩ እስኪደርስ ይጠብቃል። ወንዱ ሲጎለምስ ሰውነቱ ይጠቁራል፤ ጆሮው ግን ነጭ ነው። የሚመርጠው እሱን ነበር።

አምና ታላቅ ወንድሙ ኒውላንድ ቤታችን መጥተው፣ «ልጆቹ ሥጋ አምሯቸዋል፤ እንሂድ» አሉት። እውነታቸውን ነው፤ ደመወዛችን ወር አያደርስም። ግን በ1966 ዓ.ም. በተቋቋመው ብሔራዊ ፓርክ ያለ ፈቃድ ማደን ክልክል ነው፤ ቢታሰርስ? ሌሊቱን አብረን ጸለይን። ጠዋት፣ «ጋሼ፣ የባሮ ዓሣ እንግዛ» አላቸው። ቡናቸውን ሳይጨርሱ ወጡ፤ እስከ ዛሬ አልተመለሱም። ባለቤቴ ሥጋው አልናፈቀውም፤ ወንድሙ ግን ናፍቀውታል። ስትጸልዩ አስቡን።