ሌሊት የሚሰበረው ፀጉር

የመጀመሪያ ልጄን አርግዤ ሳለሁ ፀጉሬ እንደዚያ ጊዜ አምሮልኝ አያውቅም። ወፈረ፣ ጠቆረ፣ ሚዶ አላስገባ አለ። ያየኝ ሁሉ “ምን ተቀብተሽ ነው?” ይለኝ ነበር። ልጄ አራተኛ ወሯን ስትይዝ ግን በእፍኝ በእፍኝ መርገፍ ጀመረ። ሚዶው ላይ፣ መታጠቢያው ላይ፣ ስትጠባ በምትጨብጠኝ ትንንሽ ጣቶቿ መሃል ሳይቀር የማየው ፀጉሬን ነበር። ፈራሁ። ለማንም ግን ትንፍሽ አላልሁም፤ ጤነኛ ልጅ ታቅፎ ስለ ፀጉር ማልቀስ ነውር መሰለኝ። ባለቤቴ እንዳያይብኝ ጠዋት ጠዋት ቀድሜ እየተነሳሁ ትራሱን አራግፍ ነበር።

ያወቀችብኝ እናቴ ናት። አንድ ቀን አልጋ ስታነጥፍ ከትራሱ ላይ የለቀመችውን ፀጉር መዳፏ ላይ ዘርግታ ወደ መስኮቱ ጠራችኝ። “እይው እስቲ ልጄ፤ ይሄ ረጅሙ ጫፉ ላይ ነጭ ነገር አለው፤ ከነሥሩ የወጣ ነው። ይሄ አጭሩ ግን ተሰብሮ ነው” አለችኝ። እውነትም ሁለት ዓይነት ነበር። ረጅሙ በአንድ ጫፉ ከጤፍ ፍሬ የምታንስ ነጭ ነጥብ ይዟል። አጭሩ በሁለቱም በኩል ባዶ ነው፤ አንደኛው ጫፉ እንዲያውም ለሁለት ተሰንጥቋል።

ኋላ የቆዳ ሐኪም ዘንድ ስሄድ የተነገረኝም ከእናቴ ቃል ጋር ገጠመ። በእርግዝና ጊዜ ሆርሞን ከፍ ስለሚል መርገፍ የነበረበት ፀጉር ሳይረግፍ ይቆያል፤ ከወሊድ በኋላ ሆርሞኑ ሲወርድ ያ የተጠራቀመው በአንድ ሰሞን ይራገፋል። አብዛኛውን ጊዜ ልጁ ዓመት እስኪሞላው ወደ ቦታው ይመለሳል። ካልተመለሰ የደም ማነስና የእንቅርት ዕጢ ምርመራ ያስፈልጋል። በደኅናው ጊዜም ቢሆን ከሰው ራስ ላይ በቀን ከ50 እስከ 100 ፀጉር ይረግፋል። ስለዚህ የረጅሙ መድኃኒት ትዕግሥት ነበር። የአጭሩ ጉዳይ ግን በእጄ ነው።

ፀጉር በወር 1 ሴንቲ ሜትር ገደማ ያድጋል። እኔ ከልጅነቴ ጀምሮ “ፀጉሬ አላድግ አለ” እያልሁ ስኖር ለካ ማደጉን አላቆመም፤ ከሥሩ ያደገውን ያህል ጫፉ እየተሰበረ ነበር። ከራስ ቆዳ የሚወጣው ወዝ በተጠቀለለ ፀጉር ላይ እስከ ጫፉ አይወርድም፤ ስለዚህ ጫፉ ይደርቃል። በዚያ ላይ የጥጥ ትራስ ያለችውን ወዝ ይመጥጣል፤ በተገላበጥን ቁጥር ደግሞ ይፈትገዋል። ይህ ሲገባኝ ትልቅ ሸክም ወረደልኝ፤ የጎደለኝ ፀጉር የሚያሳድግ ቅባት አልነበረም ማለት ነው።

ከዚያ በኋላ ልጄ ስትተኛ እናቴ በርጩማ ላይ፣ በጉልበቶቿ መሃል ታስቀምጠኝ ጀመር። ሚዶውን ከጫፍ ትጀምራለች፤ የተቋጠረውን በጣቷ ትፈታለች፤ ከዚያ ነው ወደ ሥሩ የምትወጣው። ለጋ ቅቤ ቆንጠር አድርጋ በመዳፎቿ መሃል ታቀልጥና ጫፍ ጫፉን ታስይዘዋለች። ቅቤ ፀጉር አያበቅልም፤ ፀጉሩን ሸፍኖ እርጥበቱ ቶሎ እንዳይተን ይይዝለታል፤ ይህም ቀላል ውለታ አይደለም። ፎረፎር ያለበት ሰው ግን የራስ ቆዳው ላይ ባያበዛው ይሻለዋል። በመጨረሻ ወፈር ወፈር አድርጋ፣ ሳታጠብቅ ትጎነጉነኛለች። ታጥቤ ከሆነ ሳይደርቅ አታስተኛኝም፤ እርጥብ ፀጉር ሲሳብ ይለጠጥና ይበጠሳል። ትራሱ ፀጉሬን እንዳይፈትገው የማስረው የሳቲን ሻሽ ሌሊት እየተንሸራተተ ሲወልቅብኝ ደግሞ ለቀሚስ ገበር የሚሆን ሳቲን ከመርካቶ ገዝታ የትራስ ልብስ ሰፋችልኝ።

ፀጉርን ከሌሊት መጠበቅ በአገራችን አዲስ ነገር አይደለም። ስድስት ኪሎ የኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋም ሙዚየም የገባ ሰው ከእንጨት የተፈለፈሉ ብርኩማዎችን ያያል። በደቡቡ የአገራችን ክፍል ሰዎች ተጋድመው አንገታቸውን የሚያሳርፉበት፣ የተሠራ ፀጉራቸው መሬት እንዳይነካና እንዳይበላሽ የሚጠብቁበት ነው። ቀድሜ ሳየው እንጨት ላይ እንዴት ይተኛል እያልሁ አልፌዋለሁ። አሁን ሳየው የሠራውን ሰው አከብረዋለሁ፤ ለፀጉር ብሎ እንጨት መፈልፈልን ቅንጦት ነው አላለም።

አንድ ነገር ግን ሳቲኑም ቅቤውም አልመለሰልኝም። ከጆሮዬ በላይ፣ ግንባሬ ዳርና ዳር፣ ለዓመታት ጥብቅ ሹሩባ ስሠራ ሳስቶብኝ ነበር። ሹሩባ በተሠራሁ ማታ ራሴን ያመኛል፤ የፀጉሩ ሥር እንደ ብጉር ያብጣል፤ የጠየቅኋቸው ሁሉ “እስኪለምድ ነው” ይሉኛል። መልመድ ሳይሆን ሥሩ እየተሳበ ነበር። በጊዜ ሲተው መልሶ ይበቅላል፤ እየተደጋገመ ሥሩ ጠባሳ ከያዘ ግን አይመለስም። የቀኝ በኩሉ ተመልሶልኛል፤ የግራው አልተመለሰም።

ልጄ አሁን ትምህርት ቤት ገብታለች። ሹሩባ ልታሠራ ስወስዳት ለሠሪዋ “እህቴ፣ ግንባሯን ላላ አድርገሽ ያዥላት” እላታለሁ። ማታ “እማዬ፣ አመመኝ” ካለችኝ ግን ገንዘብ ተከፍሎበታል፣ ነገ ሠርግ አለ ቢባልም ያንኑ ማታ ቁጭ ብዬ እፈታላታለሁ።