የእናታችን ፊትና ሁለቱ ሌንሶች

እናታችን ሰማንያ ዓመት ካለፋቸው በኋላ፥ በመታወቂያ ወረቀታቸው ላይ ካለችው ከቴምብር ከማትበልጥ ምስል በቀር ሌላ ፎቶግራፍ እንደሌላቸው ያስተዋልነው ዓይናቸው መድከም በጀመረ ጊዜ ነው። «እኔ ሳላየው የሚቀር ፎቶግራፍ ምን ያደርግልኛል? ቶሎ አንሣኝ» አሉን።

ካሜራው ነበረን፤ ለፊት ማንሻ የሚሆን ሌንስ ግን አልነበረንም። ለዚህ ሥራ ብዙዎች የሚመርጡት ባለ 85 ሚሊ ሜትሩን ነው፤ ይኸውም ራቅ ብለን ቆመን ፊትን ለማቅረብ ስለሚያስችለን አፍንጫ ከጆሮ ይልቅ ገዝፎ አይወጣም። የካኖን ኩባንያ ከሠራቸው መካከል አንደኛው፥ በ1992 እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር የወጣው ባለ 1.8፥ 425 ግራም ይመዝናል። ሁለተኛው በ2006 የወጣው ባለ 1.2 ሲሆን ከ1 ኪሎ ግራም ይበልጣል፤ ዋጋውም አምስት እጥፍ ገደማ ነበር። አንድ ነጋዴ «የእናት ፊት በርካሽ አይነሣም» ብሎ አሳፈረን። በእጃችን የነበረው ገንዘብ ደግሞ የልጃችን የትምህርት ቤት ክፍያ ነበር። ስለዚህ ርካሹን አሮጌ ገዛን፤ ውዱን ከአንድ ወዳጃችን ለአንድ ቀን ተዋስን።

እናታችንን ከበሩ አጠገብ አስቀመጥናቸው። የሌንስ ቁጥር ባነሰ መጠን ቀዳዳው ይሰፋልና፥ 1.2 ከ1.8 ይልቅ ከሁለት እጥፍ በላይ ብርሃን ያስገባል፤ ይህም በአንዲት መስኮት ለሚበራ ቤት ቀላል ነገር አይደለም። ከኋላቸው የነበረው ቁም ሣጥን እንደ ጢስ ሟሟ፤ እውነቱን ለመናገር እጅግ ያምራል። ነገር ግን በአንድ ሜትር ተኩል ርቀት ጠርቶ የሚታየው ውፍረት 2 ሴንቲ ሜትር ያህል ብቻ ነው። እናታችን ደግሞ ሳይነቃነቁ መቀመጥ አያውቁም፤ ሌንሱም ከባድና ለማጥራት ዘገምተኛ ነው። ከ20ው ፎቶግራፍ በ13ቱ የጠራው ዓይናቸው ሳይሆን ጆሯቸው ወይም የነጠላቸው ጫፍ ሆነ።

ሰፊ ቀዳዳ መጀመሪያ የተፈለገው ለተቀማጩ ድካም ታስቦ መሆኑን እዚህ ላይ ማስታወስ ይገባል። በ1840 ዮሴፍ ፔትስቫል በቪየና ያሰላው፥ ፎክትሌንደርም የሠራው የፊት ማንሻ ሌንስ ቀዳዳው 3.6 ነበር፤ ይህም ሰው ለደቂቃዎች እንደ ሐውልት ደርቆ ከመቀመጥ አሳረፈው። የኋላውን ማሟሟት እንደ ጌጥ የተቈጠረው ኋላ ነው።

ርካሹ ሌንስ ጉድለቱን አልደበቀም። ቀዳዳው እስከ መጨረሻው ሲከፈት፥ ፀሐይ ባረፈበት የነጭ ነጠላ ጠርዝ ላይ ሐምራዊ መስመር አሰመረ። ወደ 2.8 ስናጠበው ግን መስመሩ ከሞላ ጐደል ጠፋ፤ የጠራው ውፍረት 5 ሴንቲ ሜትር ያህል ሆነ፤ በዓይናቸው ዙሪያ ያለው መስመርም አንድ በአንድ ተቈጠረ። ውዱንም በዚያው በ2.8 አንሥተን ሁለቱን አሳተምንና ጐን ለጐን አስቀመጥን። ልጆቻችን የቱ ውድ እንደሆነ ቢጠየቁ ተሳሳቱ፤ እኛም ጀርባውን ካላየን አንለይም ነበር። በጨለማ ቤት ሠርግ እያነሣ ለሚኖር ባለሙያ ውዱ ይገባዋል፤ የእኛን ቤት ክፍያ ግን አያስቀርም ብለን መለስነው።

እናታችን ፎቶግራፎቹን አንድ በአንድ ወደ መስኮቱ እያቀረቡ አዩ። የመረጡት በርካሹ ሌንስ በ1.8 የተነሣውን፥ የሚሥቁበትን ነው። ጣታቸውን በነጠላው ጠርዝ ላይ አሳርፈው፥ «ይህን ሐምራዊ ጥለት ማን ሸመነው?» ሲሉ ጠየቁን። የሌንሱ ስሕተት መሆኑን ነገርናቸው፤ «እንግዲያው እንዳታጠፋው» አሉን።