ቂብላና የሰሜኑ ኮከብ



ሸዋ ሮቢት ወይም በዙሪያዋ ባሉት የይፋት ቆላዎች የምትኖሩ ከሆነ ምናልባት ያላስተዋላችሁት የአላህ ጸጋ በእጃችሁ አለ። መካ ከእናንተ ቀጥታ በስተሰሜን ናት። ሁለቱ ከተሞች በአንድ የኬንትሮስ መስመር ላይ ያሉ ያህል ነው። ርቀቱ ከ1,200 ኪሎ ሜትር ቢበልጥም ወደ ቀኝም ወደ ግራም ማዘንበል አያስፈልግም። ሌሊት የሰሜኑን ኮከብ ያገኘ የይፋት ሰው ቂብላውን አገኘ ማለት ነው። ሐረር የሚሰግድ ሰው ከኮከቡ ወደ ግራ፣ ጅማ የሚሰግድ ደግሞ ወደ ቀኝ፣ የተዘረጋ እጅ ጭብጥ የሚከልለውን ያህል መዞር አለበት።

ችግሩ ኮከቡን ማግኘቱ ላይ ነው። ይፋት ላይ ከአድማስ አንድ ጭብጥ ብቻ ከፍ ብሎ ይታያል፤ ደማቅም አይደለም። አቧራና ጭጋግ ቶሎ ይሸፍኑታል። ስለዚህ ጠቋሚ ያሻዋል።

ጠቋሚዎቹ ዐረቦች «በናቱ ነዕሽ» የሚሏቸው ሰባት ከዋክብት ናቸው። ነዕሽ ማለት ቃሬዛ ነው። አራቱ ከዋክብት ቃሬዛው ሲሆኑ፣ በተርታ የሚከተሉት ሦስቱ ልጃገረዶች ናቸው። በጥንቱ ተረት የሰሜኑ ኮከብ፣ አል-ጁደይ፣ አባታቸውን ገደለው፤ እነርሱም አስከሬኑን ሳይቀብሩ ደሙን ሊመልሱ ገዳዩን ይዞሩታል። ጀናዛን ቶሎ መቅበር ለተማርን ለእኛ፣ ይህን ያህል ዘመን አፈር ያልቀመሰ አባት ያሳዝናል። ዐብዱረሕማን አስ-ሱፊ በ964 እ.ኤ.አ. ባዘጋጀው የከዋክብት መጽሐፍ የዐረቦቹን ስሞች ከግሪኮቹ ሥዕሎች ጋር መዝግቧል። ዱብሔ፣ ሜራክና አልካይድ የሚባሉት የዛሬ ስሞችም ከዐረብኛ የመጡ ናቸው።

በግንቦት ከዒሻ በኋላ ልጆቻችሁን ይዛችሁ ውጡ። ከልጃገረዶቹ ርቀው፣ በቃሬዛው ጫፍ ያሉትን ሁለቱን ያዙ። ከሜራክ ወደ ዱብሔ ያለውን ርቀት በዚያው አቅጣጫ አምስት ጊዜ ብታስረዝሙት የሰሜኑን ኮከብ ታገኛላችሁ። ስልክ አለን የምትሉ ትኖራላችሁ። የስልክ ኮምፓስ ግን መኪና ወይም ብረት አጠገብ ሲሆን ይሳሳታል።

አባቴ በጥቅምትና በኅዳር ማሽላ ሲጠብቅ ማማ ላይ ያድር ነበር። በነዚያ ወራት ምሽቱን ቃሬዛውን መፈለግ ልፋት ነው፤ ከነልጆቹ ከአድማስ በታች ይሆናል። በእሱ ፈንታ «ሠ» ፊደል የተገለበጠች የመሰሉ አምስት ከዋክብት በሰሜን ከፍ ብለው ይታያሉ። ዐረቦች ሒና የተቀባች የሱረያ እጅ ይሏቸዋል፤ የሰሜኑ ኮከብ ከእነርሱ በታች ነው። በኅዳር ለሱብሒ ለሚነሳ ሰው ደግሞ ቃሬዛው በሰሜን ምሥራቅ ወጥቶ ይጠብቀዋል።

ከዋክብት ለመንገደኛ መሪ መሆናቸው በሱረቱል አንዓምና በሱረቱን ነሕል ተወስቷል። እኛ ዘንድ ግን ይህ እውቀት እየጠፋ፣ ኮከብ ማስቆጠሩ ቀረ። የአንዲት ዘመዴ ኒካሕ ሊታሰር ቀናት ሲቀሩት «ኮከባቸው አይገጥምም» በተባለ አንድ ቃል ፈረሰ። ልጅቷ እስከ ዛሬ ሰማይ ማየት ትጠላለች። ያን ቃል የተናገረው ሰው ከእነዚያ ከዋክብት አንዱን እንኳ ውጪ ወጥቶ በጣቱ ማሳየት መቻሉን እጠራጠራለሁ።

ሌላም ነገር አለ። ዑመር ወላስማዕ በ1285 እ.ኤ.አ. የሸዋን ሱልጣኔት ወደ ይፋት ሲያጠቃልል፣ ይኸው ኮከብ ከትክክለኛው ሰሜን ከአራት ዲግሪ በላይ ይርቅ ነበር። ዛሬ ከአንድ ዲግሪ ያነሰ ነው የሚርቀው። ከዚያ ዘመን ሰዎች ይልቅ ለእኛ ቀርቦልናል። ከይፋት ወደ ሰሜን የሚጓዝ ደግሞ ሌሊት በሌሊት ከፍ ሲል ያየዋል፤ መካ ሲደርስ ሁለት ጭብጥ ይሞላል።