አዋሽን ተከትለን

የባለቤቴ ቤተሰቦች ድሬዳዋ ስለሚኖሩ የምሥራቁን መንገድ ብዙ ጊዜ ተመላልሰንበታል። ዘንድሮ ግን «ዛሬ እንኳ ሳንቸኩል ወንዙን እያየን እንሂድ» አለችኝ።

ውድ አንባቢያን፣ አዋሽ ከግንጪ አካባቢ ደጋ ተነሥቶ 1,200 ኪሎ ሜትር ያህል ይጓዛል። ባሕር ግን አይደርስም፤ አፋር በረሃ፣ አቤ ሐይቅ ገብቶ ይቀራል። ከላይ ያለነው ያጎደልነውና ያቆሸሽነው ሁሉ የሚደርሰው ከታች ላሉት ነው።

መጀመሪያ ያረፍነው ቆቃ ነው። ግድቡ ጣሊያን በከፈለችው የጦር ካሳ ተሠርቶ በ1952 ዓ.ም. ተመረቀ። መብራት ሰጠን፤ የበጋውንም ውሃ አደላደለ። ነገር ግን ደኑ ከተመነጠረው ደጋ በየክረምቱ የሚታጠበው አፈር ሐይቁን እየደለለው የመያዝ አቅሙን ቀንሶታል።

ከቆቃ በታች ሸንኮራ አገዳ ነው። ወንጂ ፋብሪካ በ1946 ዓ.ም.፣ መተሐራ በ1962 ዓ.ም. ሥራ ጀመሩ። ለብዙ ሺህ ቤተሰብ እንጀራ ሆነዋል። ወደ ታች ደግሞ የጥጥ እርሻዎች ተስፋፉ። የአፋር አርብቶ አደር ግን በበጋ ከብቱን የሚያሳርፍበትን የወንዝ ዳር ግጦሽ አጣ። በ2012 ዓ.ም. ክረምት ወንዙ ሲሞላም ከቤታቸው የተፈናቀሉት የአፋር ሰዎች ብዙ ሺህ ነበሩ።

መተሐራ አጠገብ በሰቃ ሐይቅን አየን። ከ60 ዓመት በፊት ትንሽ ኩሬ ነበር፤ ዛሬ ከ40 ካሬ ኪሎ ሜትር በላይ ሸፍኗል። ለማደጉ ከመስኖው የሚሰርገውና ከመሬት ሥር የሚወጣው ውሃ ምክንያት እንደሆኑ ይነገራል። ጨዋማው ውሃ መንገዱንና የባቡሩን ሐዲድ ሲፈታተን ኖሯል።

ባቡሩ ከጅቡቲ ተነሥቶ በ1895 ዓ.ም. ድሬዳዋ፣ በ1909 ዓ.ም. አዲስ አበባ ደረሰ። አዋሽ ሰባት ከተማም በጣቢያው ዙሪያ ያደገች ናት። ሐዲዱና አስፋልቱ ገበያ አመጡ፤ የሸለቆው ግራር ግን ከሰል እየሆነ ወደ ከተማ የሚጫነው በዚያው መንገድ ነው።

እውነቱን ልናገር፤ እኛም ስንመለስ ሁለት ጆንያ ከሰል ሳንገዛ አልፈን አናውቅም። ዘንድሮም ልማዴ ሆኖ መኪናውን አቆምሁ። ሻጩ የአሥራ ሁለት ዓመት ያህል ልጅ ነው። ባለቤቴ ቀስ ብላ «ቆቃን የሞላውን አፈር አየህ አይደል?» አለችኝ።

«ልጁስ ምን ይብላ?» አልኋት።

ዝም አለች። ከልጁ እናት የፍየል ወተት ገዛን፤ ከሰሉን ተውነው። ልጁ ግን ጆንያው ላይ ተቀምጦ ቀጣዩን መኪና ይጠብቅ ነበር። እስከ አዳማ ድረስ ሁለታችንም አልተነጋገርንም። ቤት ስንደርስ ግን ከሰል የሚበላውን ምድጃችንን ለመቀየር ተስማማን። ትንሽ ነገር ነው፤ ለልጁም መልስ አይሆንም። ቢሆንም የወንዙን ነገር ከቤታችን ጀመርነው።